ቅዱስ ያሬድና ትሉ የወጣበት ዛፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ ዛሪማ የደረሰ መንገደኛ ወደ ኋላው ቀና ብሎ ቢመለከት የስሜን ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው ያያል። ከእነዚያ ተራሮች አንዱ እስከ ዛሬ በአባ ያሬድ ስም ይጠራል። የቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በጾም፣ በጸሎትና በማስተማር የፈጸመው በዚሁ በስሜንና በጸለምት ምድር ነውና።

በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በዓሉን ስናከብር ከሕይወቱ ሁሉ በላይ የሚነገረው አንድ ምዕራፍ ነው። እርሱም ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፍ ላይ የወጣው የትል ታሪክ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በአብነት ጉባኤ ይህ ታሪክ ሲነገር የደከመው ይበረታል፤ ተስፋ የቆረጠውም ወደ መጽሐፉ ይመለሳል። ይሁንና ከዚሁ ታሪክ ሌላ ትርጓሜ ሲወጣ የምንሰማበት ጊዜ አለ። ትሉ ሰባት ጊዜ ሞክሮ ከወጣ፣ ድሃው ድሃ የሆነው ስላልሞከረ ነው ይባላል። ቆለኛው ያልተማረው ትምህርት ስለማይወድ፣ የእጅ ሙያተኛው ዝቅ ያለው በጠባዩ፣ ሴቶች በጉባኤ ቤት ያልተገኙት ስላልፈለጉ ነው እየተባለ፣ ቅዱሱ በወንድሞቹና በእኅቶቹ ላይ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህ ትርጓሜ ከቅዱስ ያሬድ ሕይወት ጋር ይስማማልን? ለዚህ መልስ ለመስጠት የትሉን ታሪክ ብቻ ነጥለን ሳይሆን ሕይወቱን ከመጀመሪያው እስከ ፍጻሜው መመልከት ይገባናል።

አባቱን በልጅነቱ ያጣው ብላቴና

ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ዐረፈ። እናቱ ታውክልያ ብቻዋን ቀረች። በዚያ ዘመን አባት የሌለው ልጅ ዕጣው ከብት መጠበቅ ወይም በሰው ቤት ማደር ሊሆን በቻለ ነበር። ታውክልያ ግን ልጇን ይዛ ወደ ወንድሟ ወደ አባ ጌዴዎን ሄደች። አባ ጌዴዎን በአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍትን የሚያስተምር መምህር ነበር። ብላቴናውን ተቀብሎ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ቀላቀለው፤ ማደሪያና ምግብም ሰጠው።

ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ታሪኩን ስንናገር ወደ ትሉ ለመድረስ እንቸኩላለንና ይህን ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአክሱም አባታቸው የሞተባቸው ሌሎች ብላቴኖችም ነበሩ። ሁሉም መምህር የሆነ አጎት አልነበራቸውም፤ ሁሉም ወደ ጉባኤ ቤት የምትወስድ እናት አልቀረችላቸውም። ቅዱስ ያሬድ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት፣ ጥረቱም ስንፍናውም ሳይታወቅ፣ እግዚአብሔር በእናቱና በአጎቱ እጅ መንገድ አዘጋጀለት።

ሰባተኛው ሙከራ

መንገዱ ቢዘጋጅለትም ትምህርቱ አልገባው አለ። መዝሙረ ዳዊትን ሊይዝ አልቻለም። ባልንጀሮቹ ቀድመውት ሲሄዱ እርሱ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ እነርሱም ይዘብቱበት ጀመር። አጎቱ አባ ጌዴዎንም በዘመኑ ልማድ ገሠጸው፣ ገረፈውም። ያሬድም ግርፋቱ ቢበዛበት ከአክሱም ሸሽቶ ወደ መደባይ መንገድ ጀመረ።

ማይ ኪራሕ በተባለው ቦታ ሲደርስ ደከመውና ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም የዛፉን ፍሬ ሊበላ ወደ ላይ የሚወጣ ትል ተመለከተ። ትሉ ከግንዱ መካከል ሲደርስ ወደቀ፤ ዳግመኛም ወጣ፣ ዳግመኛም ወደቀ። እንዲህ እያለ ስድስት ጊዜ ከወደቀ በኋላ በሰባተኛው ከዛፉ ላይ ወጥቶ ፍሬውን በላ። ብላቴናው ይህን አይቶ አለቀሰ። አእምሮ የሌለው ፍጥረት ለምግቡ ይህን ያህል ከታገሠ፣ እርሱ ለሰማያዊው ምግብ ግርፋትን መታገሥ እንደሚገባው በልቡ አሰበ፤ ተነሥቶም ወደ አክሱም ተመለሰ።

አባ ጌዴዎን ግን የተመለሰውን ብላቴና በበር አላቆመውም። ይቅርታ ሲጠይቅ ተቀበለው፣ ስለ እርሱም ወደ እግዚአብሔር ጸለየ፣ እንደገናም ማስተማር ጀመረ። የያሬድም ልቡና ተከፈተ። በአጭር ጊዜ ብሉያትንና ሐዲሳትን ተምሮ ጨረሰ፤ ገና በወጣትነቱም ለዲቁና ማዕረግ በቃ።

በዚህ ምዕራፍ የሰው ፈቃድ ያለውን ዋጋ መካድ አይቻልም። ያሬድ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ ባይመለስ ኖሮ የእናቱ ድካምና የአጎቱ ቤት ባልጠቀሙት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ሰው ነጻ ፈቃድ ያለው ፍጥረት እንደሆነ ታስተምራለች። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ሊሠራ የማይወድ እንዳይበላ የተሰሎንቄን ምእመናን አዟል። ስለዚህ የሰውን ድካም ሁሉ በዘመንና በሥርዓት ላይ የሚያላክክ አነጋገር ትምህርታችን አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው ትሉን ከዛፉ ጋር ስናየው ነው። ትሉ ሰባት ጊዜ ሊሞክር የቻለው ዛፉ በዚያ ስለ ነበረና ከግንዱም ማንም ስላልከለከለው ነው። ያሬድም ቢመለስ የሚቀበለው መምህር ነበረው። አጎቱ በሩን ዘግቶበት ቢሆን ኖሮ የሰባተኛው ሙከራ ትጋት ወዴት ይደርስ ነበር?

ዛፉን የተከለከሉ

ይህን የምንለው በምሳሌ ለመጫወት አይደለም። ቅዱሱ በኋላ በመጣባቸው በእነዚህ ተራሮች ላይ የሆነውን ስለምናውቅ ነው።

በስሜን፣ በወገራና በደንቢያ ቤተ እስራኤል ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን የአባትን ርስት መውረስ ለተጠመቀ ብቻ እንዲሆን እንደ ታዘዘ ይነገራል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በስሜን ድል ከሆኑ በኋላ የቀራቸውን ምድር አጡ። ርስት የሌለው ሰው በሌላው መሬት ላይ ማረስ ወይም በእጁ ሙያ መኖር ነበረበት። ስለዚህ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸክላ ሠሩ፣ ሸማ ሸመኑ። የጎንደር ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ሲታነፁም በግንበኝነትና በአናጢነት አገለገሉ። ማረሻውን የሚሠራው ሰው የሚያርሰው መሬት አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ መጀመሪያውን ረሳ። ርስት የተነጠቀው ለምን እንደሆነ ተዘነጋና ቀጥቃጭነቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ተደረገ። ቡዳ ተባለ፤ ከማዕድም ከጋብቻም ተለየ። ሃይማኖታቸው ክርስትና የሆነ ባለ እጆችም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። ድህነታቸውም የክፋታቸው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ እስኪነግሩ ድረስ ነውርነቱን በግልጥ የተናገረ የመንግሥት ቃል እምብዛም አልተሰማም። ያም አዋጅ ስድቡን ከለከለ እንጂ ርስት አልሰጠም። ለእነዚህ ወገኖች ሰባት ጊዜ ሞክሩ ብሎ መምከር ዛፉን ቆርጦ ትሉን እንደ መውቀስ ነው።

በራሳችን ጉባኤ ቤትም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በጎጃም በጽላሎ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ሴት፣ ያውም ዓይነ ስውር ሆነው ሳለ የብዙ ሊቃውንት መምህርት ለመሆን በቅተዋል። ስለ ትጋታቸው ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ጉባኤው በቤታቸው ነበር። በዚያ ዘመን እንደ እርሳቸው ያለ አእምሮ የነበራቸው ሌሎች ሴቶች ልጆች አልነበሩም ለማለት የሚደፍር ማን ነው? የአባታቸው ቤት ግን ጉባኤ ቤት አልነበረም። ውኃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ በልጅነታቸው ተድረው ዘመናቸውን ፈጸሙ።

የንጉሡ ስጦታና የቅዱሱ ምርጫ

ወደ ቅዱሱ ሕይወት እንመለስ። ያሬድ በትምህርቱ ከጸና በኋላ እግዚአብሔር ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍን ላከለት። እነርሱም በሰው አንደበት ካናገሩት በኋላ ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጠቀ፤ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ወደ አክሱም ተመልሶ በጽዮን ቤተ ክርስቲያን በሦስት ሰዓት ዜማውን አሰማ። ከዚያም በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማዎች ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ባልንጀሮቹ የዘበቱበት ብላቴና የሀገር ሁሉ መምህር ሆነ።

ዜማውን የሰሙት ንጉሡ፣ ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ናቸው። ከዕለታት በአንዱ ቀን ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በቅዱሱ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ሲፈስ ዘማሪው አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላየም። ዜማው ሲፈጸም ንጉሡ ደነገጠና የደሙን ዋጋ ምን እንዲከፍለው ጠየቀ፤ የፈለገውን ሁሉ እንደሚሰጠውም ማለለት። ያሬድ ምድርና ሹመት መጠየቅ ይችል ነበር። እርሱ ግን ከዓለም ተለይቶ በምናኔ እንዲኖር ብቻ እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡም መለየቱ ቢያስጨንቀው ስለ መሐላው አሰናበተው። ቅዱሱም በታቦተ ጽዮን ፊት ቆሞ አንቀጸ ብርሃንን ለእመቤታችን ካቀረበ በኋላ ከአክሱም ወጣ።

ይህ ምዕራፍ ሌላ ስሕተት ያርምልናል። ስለ ድህነት ስንናገር አንዳንዶች የቅዱሳንን ድህነት እየጠቀሱ ድሃው በድህነቱ እንዲደሰት ይመክራሉ። የቅዱስ ያሬድ ድህነት ግን በፈቃዱ የመረጠው ነበር። በፊቱ የንጉሥ ቤት ተከፍቶለት ሳለ ዋሻን መረጠ። በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናም ጠፍቶ ማሳዋ የደረቀባት እናት ይህን አልመረጠችም። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይና በዛሪማ አልፎ እስከ ዳባት ሲደርስ ከትምህርቱ የተፈናቀለ ሕፃንም አልመረጠም። በፈቃድ የሆነ ድህነት ምናኔ ይባላል፤ ሳይመርጡት የመጣ ረኀብ ግን በምናኔ ስም ሊጠራ አይገባውም።

ወደ ስሜን የወጣው መምህር

ቅዱስ ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ ወደ ስሜን ሲመጣ ደጋማው ቅዝቃዜና ቆላው ሐሩር በአንድነት ወደሚገኙበት ምድር መጣ። በጾምና በጸሎት ተወስኖ ኖረ። ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። በስሜን፣ በወገራና በአገው ምድር እየተዘዋወረ አስተማረ፤ ደቀ መዛሙርትንም አፈራ።

በአክሱም ከተማ ሆነው የተራራውን ሰው ባለማወቁ መውቀስ ቀላል ነበር። አክሱም ቤተ መንግሥቱም፣ ጳጳሱም፣ መጻሕፍቱም፣ መምህራኑም ያሉባት ከተማ ናት። በስሜን ገደል ሥር የሚኖር እረኛ ይህ ሁሉ አልነበረውም። ቅዱስ ያሬድ እረኛው ለምን ወደ አክሱም መጥቶ እንዳልተማረ አልጠየቀም። አክሱም የተቀበለውን ይዞ እርሱ ራሱ ወደ እረኛው ሄደ። በማይ ኪራሕ ከዛፉ የተማረው ሰው በስሜን ዛፉን ተከለ። ከዚህም በኋላ ነው ለተራራው ልጅ ትጋት መምከር ተገቢ የሆነው፤ አሁን የሚወጣበት ዛፍ አለውና።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ሥርዓት ከዚህ መንፈስ የተወለደ ነው። የድሃ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ ከሀገሩ ይወጣል። መምህሩ ክፍያ አይጠይቀውም። በየቤቱ ደጃፍ በእመቤታችን ስም ሲለምን የመንደሩ እናቶች ካላቸው ላይ ቆርሰው ይሰጡታል። በእንዲህ ያለ ኑሮ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ድጓውን ይፈጽማል፤ በጋይንት በቤተልሔምም ይመሰክራል። ሰው ሁሉ የተማሪውን ትጋት ያደንቃል፤ መደነቅም ይገባዋል። እኛም ያለፍንበት ሕይወት ነውና የቁራሹን ዋጋ እናውቃለን። አንድ የመርጌታ ድጓ የብዙ እናቶች እንጀራ አለበት። ድርቅ መንደሩን ሲመታና ቁራሹ ሲጠፋ ጉባኤ ቤቱ ይበተናል። ያን ጊዜ የተበተኑት ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ወር ሰነፎች ሆነዋልን?

ፍጻሜውና የተወልን አደራ

ቅዱስ ያሬድ ግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. በ66 ዓመቱ በስሜን ተራሮች ከሰው ዓይን ተሰወረ። እስከ ዛሬ በዚያ ምድር የሚገኙ ካህናት ዋሻውንና ተራራውን በክብር ይጠብቃሉ።

ከሕይወቱ የምንማረው ይህ ነው። አንድ ሰው ሲወድቅ ተነሥ ብሎ ማበረታታት ተገቢ ነው። ብዙ ሰዎች፣ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በአንድ ስፍራ እየወደቁ ሲታዩ ግን ያ ስፍራ ምን እንዳለበት መመርመር ይገባል። ጌታችን በዕውርነት የተወለደውን ሰው ሲያይ ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ጠየቁት። ጌታም ሁለቱንም እንዳልሆነ ነግሯቸው ሰውየውን ፈወሰው። በኦሪትም በየኀምሳ ዓመቱ የተሸጠው ርስት ወደ ባለቤቱ ቤት እንዲመለስ ሲታዘዝ፣ ሰውየው በስንፍናው ነው ወይስ በመከራ የሸጠው ተብሎ አልተጠየቀም። የአባቱ ጥፋት የልጅ ልጁ ሰንሰለት እንዳይሆን ሕጉ ራሱ መንገድ አበጀ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ ነዌና ስለ አልዓዛር ሲያስተምር፣ ባለጸጋው የተፈረደበት የአልዓዛርን ስለ ነጠቀ ሳይሆን ከራሱ ባለማካፈሉ እንደሆነ አመልክቷል፤ አለማካፈልንም ከቅሚያ ቆጥሮታል።

ስለዚህ አገልጋዮች ሆይ፣ በዐውደ ምሕረት ላይ የትሉን ታሪክ ስንናገር የታውክልያን እጅና የአባ ጌዴዎንን ቤት አብረን እንናገር። በመንደራችን ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን በሙያቸው የሚሰድብ ሲኖር ዝም አንበል፤ ስድቡ ከየት እንደ መጣ እናስታውሰው። በሰንበት ትምህርት ቤት ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ከመገሠጻችን በፊት ቁርስ በልቶ እንደ መጣ እንጠይቀው። ሴት ልጅ ዜማና ቅኔ ልማር ብትል እንደ እማሆይ ገላነሽ አባት እንሁንላት። አቅም ያለን ምእመናንም በስሜን፣ በጠለምትና በዋልድባ ዙሪያ ያሉ የአብነት ጉባኤያት እንዳይበተኑ ለመምህሩ ቀለብ፣ ለተማሪው ልብስ እናድርስ።

ልጆች ሆይ፣ እናንተም በዛሪማ ቆላ ብትሆኑ ወይም በደባርቅ ደጋ፣ ስድስት ጊዜ ብትወድቁ ሰባተኛውን አትተዉ። እኛ ታላላቆቻችሁ ደግሞ ዛፉ እንዳይቆረጥ እንጠብቃለን። የቅዱስ ያሬድ በዓል በትክክል የሚከበረው ሁለታችንም የየድርሻችንን ስንፈጽም ነው።

የቅዱስ ያሬድ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።